የጭራቁ ጅራት

ቆዳው ብርድ ልብስ ነው፤
ጠርዙ ስለተበላሸ ከፋብሪካው በር ላይ በርካሽ የገዛነው።
ጥርሱ የዘይት ጄሪካን፣ በካራ ቀደን በምላጭ የሞረድነው።
ዓይኑ የባጃጅ ፍሬቻ፤
ሁለት ገጥመን ነበር፣ የበራው አንዱ ብቻ።

ጅራቱ እኔ ነኝ።

ነገሩን ያመጣው ገረመው ነው፣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺው፤
ሙሽሮች ኬክ ሲጎራረሱ ቀርጾ ቀርጾ ሆዱን ያቅለሸለሸው።
«የሚያስለቅስ ፊልም ሞልቷል፣ የሚያስጮህ ነው የጠፋ» አለ፤
እቁብ ሲወጣለት፣ ሦስት ሺህ ብር፣ ካማቹ አይሱዙ ለመነ፤
ጣርማ በር አፋፍ ስንደርስ ሌሊት አሥር ሰዓት ሆነ።
«ጢስ በገንዘብ አንገዛም፣ እዚህ ጉሙ በነፃ ነው።»
ነፃው ጉም ሦስት ቀን ሙሉ ካሜራውንም እኛንም ዋጠን፤
በአራተኛው ገለጥ ሲል
ጭራቃችንን ገደል አፋፍ ላይ ቆሎ ሲቆረጥም አገኘነው።

ውስጡ ያለው ወንድይፍራው ነው፤ ከፈተል ክፍል፣ የማታ ፈረቃ።
ወንድ ይፍራው ብለው ስም ቢያወጡለት
ጨለማ የሚፈራ፣ ዶሮ ሲታረድ የሚሸሽ ከቤት፤
በር የሚያጎነብስ ቁመት ብቻ፣ ያለ ቁጣ የተሰጠው።
«እስቲ አግሳ» ቢለው ገረመው፣
የወጣው ጉንፋን የያዘው ፍየል ድምፅ ነው።
የአይሱዙውን ፍሬን ቀድተን ለጠፍንበት፤
እስከ ዛሬ ጭራቁ አፉን በከፈተ ቁጥር
ጭነት የከበደው መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ይሰማል።

አዲስ አበባ ወሰድነው። «ይህ ምንድን ነው?» ብለው መለሱት።
የጠባሴው አሊዩ ግን፣ ዝናብ በጣለ ቅዳሜ ማታ
ቪዲዮ ቤቱ የሚያሳየው ሲያጣ ከፈተው፤
ሰው ከሳቅ ብዛት አግዳሚ ወንበር ሰበረ።
ገረመው ውጭ ነበር፣ ቆርቆሮውን ተደግፎ፣ ፊቱን በጃኬቱ ሸፍኖ፤
ቀና ያለው በማግስቱ ሰልፉን ሲያይ ነው።

አሁን በየዓመቱ ጥር ሲጋመስ ይታያል፤
ብርድ ልብስ ለብሶ ለመጣ በነፃ።
ቃል በቃል ያውቁታል።
ፀጉር ሠሪዋ በለጥሻቸው ጥግ ይዛ ጭራቁ ሲደርስባት፣
ጽሑፉ ጠፍቷት ከራሷ ያወጣችውን፣
ቤቱ በአንድ አፍ ይላል፦
«ከመብላትህ በፊት እጅህን ታጠብ!»
አርባ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ፣ ድልድዩ ጋ፣
ከጅራቱ ሥር አንድ እጅ ብቅ ይላል፣ ካሲዮ ያሰረ፤
የኔ ነው፣ አዳልጦኝ ነው።
ይጮኻሉ፦ «ስንት ሰዓት ነው?»
አንዱ ይመልሳል፦ «ለሁለት ሩብ ጉዳይ!»
ፊልሙን አቁመው አንብበውታል።

እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።
ማንም አያውቀኝም፤ ጅራት ፊት የለው።

ወንድይፍራው ሞተ። የፈተሉ ብናኝ ሳንባው ገብቶ ነው ይላሉ።
ለለቅሶው ፎቶ ሲፈለግ
የመታወቂያው ብቻ ተገኘ፣ ማኅተም ግማሽ ፊቱን የበላው።
በፊልሙም ውስጥ ፊቱ የለም።
ግን መጨረሻው ላይ፣ ጎህ ሲቀድ፣
ጭራቁ በጥይት ከመመታቱ በፊት ገደሉ ጫፍ ይቆማል፤
ከጄሪካኑ ጥርስ መሐል እንፋሎት ይወጣል።
«አጤሰ! አጤሰ!» ይላሉ፤ ይሳቃል።
ማንም ያላዘጋጀው፣ ከእቁቡ ብር ያልተቆረጠለት፣
የገዛ ትንፋሹ ነው።
አሥራ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል። እቆጥራለሁ።

ዘንድሮ ሰባተኛው ላይ መብራት ሄደ።
ፉጨት፣ ስድብ፤
ከዚያ አንዱ የስልኩን ባትሪ አበራ፤
የጥር ብርድ ነውና
የሁላችንም አፍ ይጨስ ነበር።
«ስንት ሰዓት ነው?» አለ አንድ ልጅ ከጨለማው፣
የምር ጠይቆ ይሁን ከልምድ።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ።